በየክንዱ የሚዘጋው ሱቄ

ለተከበሩ የገበያ አዳራሹ አስተዳዳሪ፤

በቅድሚያ ጤናዎ ይጠበቅ፤ በተለይም እጆችዎ፣ ከእንግዲህ ሥራው ሁሉ በእነሱ ሆኗልና።

እኔ በአዳራሹ ሁለተኛ ረድፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጨርቅ የሸጥኩ ነጋዴ ነኝ። ስላደሉን ቀለበት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በቀለበቱ ውስጥ ያለው ሴንሰር የሚሉት ጠቋሚ የእጃችንን እንቅስቃሴ አንብቦ ለስልካችን እንደሚነግር፣ ስልኩም የሱቃችንን መከፈትና መዘጋት ለቢሮዎ እንደሚያሳውቅ ባለሙያዎ አስረድተውናል። ይህን ያህል ታስቦልን ዝም ማለት ነውር ነውና፣ የዕለት ማስታወሻዬን ገልጬ ጥቂት ነገር ላቅርብ።

አንደኛ፤ በመመሪያው መሠረት እጅን ዘርግቶ ወደ ደረት መመለስ «ሱቁ ተዘግቷል» ማለት ነው። እኔ ደግሞ ጨርቅ የምለካው በክንዴ፣ ልክ እንደዚያው እያደረግሁ ነው። ማክሰኞ ለአንዲት የሙሽራ እናት ስምንት ክንድ ስለካ ስምንት ጊዜ ዘጋሁ። በመሃል ሳይከፍት ስምንት ጊዜ የዘጋ ነጋዴ ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሁለተኛ፤ ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው ክሩን በሳበ ቁጥር ቀለበቱ ጥበቃውን ይጠራል። ጥበቃው ሲሮጡ ውለው ከስተዋል፤ ጫማ ሰፊው ግን ሶላቸው በቅርቡ እጁ ላይ እንደሚወድቅ ተስፋ አድርጓል።

ሦስተኛ፤ ቀለበቱን ባወልቀው ስልኩ «ነጋዴው የለም» ብሎ ላከ። አጠገቤ የነበረችው ባለቤቴ፣ እሷ ሃያ ዓመት ስትናገር የኖረችውን ቢሮዎ በአንድ ቀን ስላረጋገጠላት ታመሰግናለች።

እስከዚህ ድረስ ስቄ አልፌ ነበር። ትናንት የደረሰኝ ደብዳቤዎ ግን በአንድ ሳምንት ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ በመዝጋቴ፣ ሱቄ ሰኞ ተነጥቆ «ለሚሠራ ሰው» እንደሚሰጥ ይገልጻል። ብዙ በሸጥኩ ቁጥር ብዙ መዝጋቴን ልብ ይበሉልኝ። እጃቸውን አጣጥፈው የሚውሉት ጎረቤቶቼ አንዴም ስላልዘጉ የምስጋና ወረቀት ደርሷቸዋል፤ ይገባቸዋል። እኔ የምለምነው ውሳኔው ከሰኞ በፊት እንዲሻርልኝ ብቻ ነው።

ምናልባት ሌላ ነገር እንዳልዘጋ እጄን ሳላንቀሳቅስ፣ በአንገቴ ብቻ እጅ የምነሳዎ፣
በመዝገብዎ የሌለሁት ጨርቅ ሻጭ

ተጨማሪ፦ በቢሮዎ መስኮት ላይ ያለው አዲሱ መጋረጃ ሐሙስ ረፋድ ላይ ከእኔ የተገዛ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ክንድ። ከደብዳቤዎ ጋር የተያያዘው ዝርዝርም ያን ረፋድ ሱቄ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ተዘግቷል ይላል። መጋረጃው ከተዘጋ ሱቅ እንዴት እንደወጣ የበላይ አካል ሲጠይቅዎ የሚሰጡትን መልስ፣ በማስታወሻዬ ላሰፍረው በጉጉት እጠብቃለሁ።