የቀኙ ፔርኖ ግሪስ አልጠጣም አለ

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ዛሬ ከሰዓት አሮጌዋን የጭነት መኪናችንን፣ ኤንትሬዋን፣ ግሪስ አጠጣናት። ልጃችን ሰአዳ ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ፣ አስተማሪ ሆና ተመድባለች፤ ነገ ከነአልጋዋና ከነመጻሕፍቷ አደርሳታለሁ። ትከሻዬን ካመመኝ ወዲህ የግሪስ ፓምፑን መጫን አልችልም። ስለዚህ እኔ ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ የፓምፑን አፍ ስይዝ ባለቤቴ ሙና ከውጭ ቁጭ ብላ ትጫን ነበር።

የግራው በቀላሉ ጠጣ። በቀኝ በኩል ግን ጎማው የሚዞርበት ፔርኖ አልቀበልም አለ፤ ግሪሱ ተመልሶ ክንዴ ላይ ይፈሳል። ሙቀቱም አድክሞኝ ነበር።

«ተይው በቃ፣ ለነገ ያደርሰናል» አልኳት።

«ወላሂ ልጄን በደረቅ ብረት ጭነህ አትሄድም!» ብላ ከጎኔ መሬቱ ላይ ተጋደመች። ዘመኗን ሁሉ «ይህን ቆርቆሮ ሽጠው» ስትለኝ የኖረች ሴት!

ግሪስ የሚገባባትን ትንሿን ቡሎን ፈትቼ ሰጠኋት። ከሻሿ ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅላ የደረቀውን ቆሻሻ ጎርጉራ አወጣችው። መልሰን ስንጫን መጀመሪያ ጥቁር ዝቃጭ፣ ቀጥሎ ንጹሕ ግሪስ በፔርኖው ዙሪያ ብቅ አለ።

«ጠጣ! ጠጣ!» ብላ በዚያ ግሪስ በነካው እጇ ጉንጬን ያዘችኝ።

ስንታጠብ፣ «ነገ እኔም እሄዳለሁ» አለች።

«ጋቢናው ይጠበናል። ደግሞ አንቺ መኪናዋን መች ትወጃታለሽ?»

«ስትመለስስ? ልጅህን እዚያ ትተህ፣ ባዶ መኪና ይዘህ ብቻህን ልትመጣ ነው?»

ሳምንቱን ሙሉ ስፈራው የሰነበትኩት እሱኑ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።