በወረቀት ሰባ አራት

ኅዳር 5 ቀን 1989፣ ጧት 3፡00
ዛሬም ሽንቴ ቀይ። ከትናንቱ ፈዘዝ ይላል። ትርሲት ሳታየው ውሃ ደፋሁበት። ልጄ ናት፣ አስተማሪ ናት፣ ሁሉን ታያለች። ከዚያ በረንዳው ላይ። ጭጋጉ ከለቡ ማሳ ገና አልተነሳም። ጤፉ ቢጫ ነው። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ እንጃ። ደብተሬ፣ ሰው ሲያረጅ እንዲህ ይፈዛል፤ ቁርስ ሳልበላ ረፈደ።

ኅዳር 8፣ ከሰዓት 9፡00
ሆስፒታል ውለን ተመለስን። የሽንት ፊኛዬ ውስጥ ያለው ካንሰር ነው። ዶ/ሩ ልጅ እግር ነው፣ አባባ እያለ በቀስታ ነገረኝ። ፊኛው ተቆርጦ ይወጣል፣ ሽንቱ በሆዴ በኩል ከረጢት ውስጥ ይወርዳል። ካርዴን አየና ሰባ አራት ዓመት ይችለዋል አለ። ሰማንያ አምስት ላለፈ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ቢላዋ አያነሳም፤ ከትልቁ ኦፕራሲዮን ሳይነሱ የሚቀሩት ይበዛሉ፣ በሽንት ቧንቧው ገብቶ እጢውን ይፍቅላቸዋል እንጂ። የትርሲት ፊት በራ። ከሥሩ ይውጣልን አለች።
እኔ የቀጠሮዬን ወረቀት ተቀበልኩ።
ለአንተ ልንገርህ፣ ደብተሬ። ሰማንያ ስድስት ዓመቴ ነው። በ1957 መንገድ ቀያሽ ነበርኩ። ጡረታዬ ደርሶ ነበር፣ ትርሲት ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ሁለት ምስክር አቁሜ፣ ምዬ፣ ከዕድሜዬ አሥራ ሁለት ዓመት አስቀነስኩ። ያኔ ያላደረገው ማን አለ? እናቷ ታውቅ ነበር፤ አረፈች። ዛሬ እውነቱን ብናገር ዶ/ሩ በቃህ የሚለኝ መሰለኝ። ፈራሁ። መኖር እፈልጋለሁ፤ ይኸው ጻፍኩት።

ኅዳር 11፣ ረፋድ
የሐና በዓል። የሐና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከበሮ እየተቆራረጠ ይመጣል። ቁጭ እንዳልኩ ሸለብ አደረገኝ። ሜትሩን ይዤ ለቡ ማሳ ውስጥ እሄዳለሁ። ጫፉን የያዘልኝ ሰው አይታይም። እለካለሁ፣ አያልቅም። ደስ ይል ነበር። የነቃሁት ሽንት አጣድፎኝ ነው። ኦፕራሲዮኑ ለ18 ተቀጥሯል።

ኅዳር 12፣ አመሻሽ
ኅዳር ታጠነ። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ከየደጁ አውጥቶ አቃጠለ፤ ከመካኒሳ አቦ እስከ እኛ ጭስ ብቻ። ቤቶቹ ጠፍተው የሰዎቹ ድምፅ ብቻ ቀረ። ትርሲት አጠገቤ ቆማለች። ጭሱ ወሰደኝ መሰለኝ፣ ያ ሕዝብ የጨረሰው የኅዳር በሽታ ጊዜ፣ አባቴ ታናሽ እህቴን በጋቢ ጠቅልሎ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ እንዳየሁ አወራሁላት። ድንገት ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። የኅዳር በሽታ በ1911 ነው። እኔ በወረቀቱ የተወለድኩት በ1915። አስተማሪ ፊት እንዲህ ይወራል? ወደ ቤት ገባች። እራት አልበላንም።

ኅዳር 13፣ ጧት 3፡00
ጠየቀችኝ። ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተቆጣች። እንዲህ ስትቆጣ አይቼ አላውቅም። ውሸቴን ይዤ ቢላዋ ሥር ልተኛ ነበር፤ እሷም በገዛ እጇ ፈርማ ልታስገድለኝ ነበር፤ ያስቆጣት ይህ ነው። የነዚያ አሥራ ሁለት ዓመታት ደመወዝ እሷን ያስተማርኩበት መሆኑን ነገርኳት። ቁጭ ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው። ለእሷ ብዬ ብቻ አልነበረም እኮ፤ ቤት መዋል ያስፈራኝ ነበር። ይህን ግን አልነገርኳትም።

ኅዳር 15፣ ከሰዓት 10፡00
ለዶ/ሩ ራሴ ተናገርኩ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አልተቆጣም። የእሱም አያት ወረቀት ላይ ወጣት ናቸው መሰል፣ ፈገግ አለ። ደረቴን እንደገና አዳመጠ፣ የኩላሊት ውጤቱን እንደገና አየ፤ ለዕድሜዎ ጠንካራ ነዎት አለኝ። በቃህ አላለኝም። ትልቁ ከሥሩ ይነቅለዋል፣ ግን ከአልጋ ላልነሳ እችላለሁ። ትንሹ ይፍቀዋል፣ ግን ሊመለስ ይችላል፤ በየሦስት ወሩ መታየት አለብኝ። ይምረጡ አለኝ። ትርሲትን አየኋት። አንገቷን ደፋች፣ ለእኔ ተወችው።
ትንሹን አልኩ። በረንዳዬ ላይ የምቀመጥበት ሦስት ወር፣ ከዚያም ሌላ ሦስት ወር ከሰጠኝ እወስዳለሁ።
ፎርሙ ላይ እድሜ የሚል አለ። 86 ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ፣ ትርሲትም ፈረመች።
ስንወጣ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘችኝ። ሌላ ጊዜ እጄን እነጥቃት ነበር፤ የሰባ አራት ዓመት ሰው ምን ድጋፍ ያስፈልገዋል እያልኩ። ዛሬ ተደገፍኳት። ሳልከብዳት አልቀርም። ቀስ ብላ ወረደች።