ለይሁዳ የተሰጠው ፊት

ውድ ወንዴ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ጉልበቴ ከከዳኝ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ስደውልልህ «ሥራ ላይ ነኝ አባባ» እያልክ ስለምትዘጋብኝ መጻፍ መረጥኩ። ብትቀደው እንኳ መጀመሪያ ታየዋለህ።

ወልድያ ማስታወቂያ ቤት ስትቀጠር የሥነ ምግባር ደንብ አንብበህ መፈረምህን በኩራት ነግረኸኝ ነበር። ሰው አለማዋረድ፣ ሥራን ለግል ጉዳይ አለማዋል፤ ደስ አለኝ። የኛ የሥዕል ሙያ ደንብ ግን በወረቀት ስላልሰፈረ የሌለ መሰለህ። ቀለም መበጥበጥ ሳስተምርህ እሱንም አብሬ ያስተማርኩህ መስሎኝ ነበር።

የምጽፍልህ ለሰፈራችን ገብርኤል ስለሣልከው የጸሎተ ሐሙስ እራት ሥዕል ነው። እውነቱን ለመናገር እጅህ ከእጄ በልጧል። የጌታን ፊት ሳይ የሣልከው አንተ መሆንህን ረስቼ ተሳለምኩት። ከዚያ ዓይኔ ወደ ይሁዳ ዞረ። እንደ አባቶቻችን ሥርዓት በጎን አዙረህ በአንድ ዓይን ሥለኸዋል፤ ክፉ ሰው እንዲያ ነውና የሚሣለው። ግን አገጩ ላይ የበቅሎ ርግጫ ጠባሳ አለ። ያቺ ጠባሳ የማን እንደሆነች በሰፈሩ የማያውቅ የለም። የፀደይን አባት ደሳለን ወስደህ ከማዕዱ ዳር አስቀመጥከው።

አልዋሽህም፣ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ልጁን ፀደይን ላንተ ልንጠይቅ ሽማግሌ ሆነን በሄድን ጊዜ «ልጄን ለቀለም ቀቢ አልሰጥም» ብሎ ሲመልሰን እኔም ነበርኩ። ቀቢ የተባልኩት እኔም ነኝ፣ ያውም በስተርጅና። በምርቃቱ ዕለት ግን ሕዝቡ ሥዕሉን አይቶ ሲጠቃቀስ ደሳለ እዚያው መሃላቸው ቆሞ ነበር። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበና ወጣ። ሳቄ ያኔ ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ወደ ውስጥ አይገባም። ከቅጥሩ ውጭ፣ ወይራው ሥር ቆሞ ያስቀድሳል። አንድ እሑድ አጠገቡ ሄጄ እንደ ልማዴ ነካካሁት፤ ከወይራው ጋር ተዛመድክ ወይ አልኩት። አልሳቀም።

«እኔ ውስጥ አለሁ አይደል፣ አያ ቢተው? ሁለት ቦታ ምን ያቆመኛል» አለኝ።

ከጎኑ ቆሜ ቅዳሴውን ጨረስኩ።

ፀደይም ቤት ድረስ መጣች። ብዙ አልተናገረችም። «ለልጅ ልጅህ ብዬ ከአባቴ ጋር ስሟገት ነው የከረምኩት። አሁን ምን ብዬ ልሟገት፣ አባባ?» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ቄሰ ገበዙ ሥዕሉ በኖራ ይሸፈን ብለው ተነስተው ነበር፤ ለመንኳቸው። እንግዲያው እርስዎ ያቅኑት አሉኝ፤ እምቢ አልኩ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ አይደለም። ያንተን ጥፋት እኔ ባቀናው ሥዕሉ ይድናል፣ ሠዓሊው ግን አይድንም። እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል ሊታገሡኝ ተስማሙ።

ስማኝ ልጄ። ገበሬ ቢቀየም ዱላውን ያነሳል፤ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቀዋል፤ ዱላውም ማገዶ ይሆናል። እኛ በብሩሽ የተጣላነው ጠብ ግን እኛም የተጣላነው ሰውም ካለፍን በኋላ ግድግዳው ላይ ይቆያል። ሕዝቡ በሣልነው ሥዕል ፊት የሚሰግደው እጃችንን አምኖ ነው። በዚያ እጅ ቂም መወጣት ጸሎቱን ከአፉ መንጠቅ ነው። ደሳለን የነጠቅኸው ይህንን ነው።

ና። መጀመሪያ ደሳለ ደጅ ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ለምን፤ ትንሽ ድንጋይ መርጠህ እንዳትመጣ ብቻ፣ አውቅሃለሁ። ቢሰድብህ አዳምጠው። ፀደይን በዚያ ቀን እንዳታነሳ፤ ምሕረትና ሴት ልጅ በአንድ አፍ አይለመኑም። ከዚያ ጠባሳዋን አጥፋ። ደሳለን ለማስደሰት ብለህ ደግሞ መልአክ አታድርገው፤ እሱም ሌላ ውሸት ነው።

ለይሁዳ የማንም ያልሆነ ፊት ፈልግለት። ከጠፋህ ግን እኔ አለሁልህ። በጎኔ እቀመጥልሃለሁ፤ አንዱን ዓይኔን ሞራ ስለጋረደው ብዙም አትደክም። ሰው አይቶ ቢስቅ እኔ እዚያው ውስጥ ቆሜ አብሬ እስቃለሁ፤ ደሳለም ከጎኔ ይቆማል።

መንገዱን ያቅናልህ።

አያትህ ቢተው
ከላስታ