ከላስታ እስከ ላንቴ፦ የእጩ መምህር ወልደሥላሴ አበጋዝ የሕይወት ታሪክ

እጩ መምህር ወልደሥላሴ አበጋዝ ከአባታቸው ከአቶ አበጋዝ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውቢት በ1956 ዓ.ም. በወሎ፣ ላስታ ተወለዱ። ዳዊት ደግመው፣ አስኳላውንም እስከ ዘጠነኛ ክፍል እንዳደረሱ የሰባ ሰባቱ ድርቅ መጣ። አባታቸውንና ሁለት ወንድሞቻቸውን በአንድ ወር ቀብረው፣ እናታቸውን ለአክስታቸው አደራ ሰጥተው፣ በሰፈራ መኪና ተጭነው ወደ እኛ አገር ወረዱ። ላንቴ ሲደርሱ ጋሞኛ አያውቁም፤ ሙዝም አይተው ስለማያውቁ ከነልጣጩ ገምጠው ብዙ ተስቆባቸዋል።

በ1981 ዓ.ም. የአቶ ኤርጫፎን ልጅ ወይዘሮ ማሚቱን አገቡ። የማሚቱ ታላቅ እህት ልክነሽ «መጤ ቤት አይሠራም፤ ነገ ጥሎሽ ይሄዳል» ብላ ሠርጉ ላይ አልተገኘችም። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ አብረዋቸው የመጡት ሰፋሪዎች መኪና እየተሳፈሩ ሲመለሱ እሳቸው ቀሩ። ልክነሽም ከዚያ ወዲህ አፏን ዘጋች።

በማታው ክፍለ ጊዜ ከተማ ወጥተው ሲቀላ ሰፈር ተምረው አሥራ ሁለተኛን ጨረሱ፤ በ1987 ዓ.ም. እዚያው ከተማ የመምህራን ኮሌጅ ገቡ። ከላንቴ በሙዝ መኪና ላይ ተንጠልጥለው ይሄዳሉ፤ መኪና ሲጠፋ ደግሞ በእግራቸው።

በመጀመሪያው ዓመት ኅዳር ላይ ወባ ይዟቸው አራት ቀን ቀሩ። ሲመለሱ ስማቸው ከስም መጥሪያው ላይ ተሰርዞ፣ ከጎኑ «ወደ አገሩ ተመልሷል» ተብሎ ተጽፎ አገኙት። በዚያው ሳምንት አምስት ቀን የቀረው የከተማው የሴቻ ሰፈር ልጅ ግን «ታሟል» ነበር የተባለው። የላንቴ ሽማግሌዎች ሄደው «ሚስቱ የእኛ፣ ልጆቹ የእኛ፤ ወዴት ይመለሳል?» ብለው መስክረው ስማቸውን አስመለሱ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልቀሩም። የአገሬው ልጅ ሰነፍ ነው ለማለት አይደለም፤ ጎበዙም ሞልቷል። የአገሬው ልጅ ሲቀር ቀረ ይባላል። እሳቸው ሲቀሩ ሸሹ ነው የሚባለው።

ዘንድሮ ለምረቃ አምስት ሳምንት ሲቀራቸው፣ እሑድ ግንቦት 25 ቀን ወባው ተነሣባቸው። ሰኞ ጠዋት ማሚቱ ጤና ጣቢያ ልትወስዳቸው ነጠላዋን አጣፍታ ስትነሣ ልክነሽ ደረሰች። «ወልዴ፣ ዛሬ ብትቀር መጨረሻው ላይ ሸሸ ይሉሃል። ስምህን አስጠርተህ ና፤ ከሰዓት እንወስድሃለን» አለቻቸው። እሳቸውም «እውነትሽን ነው እታለም» ብለው ተነሡ። ራሷ ደግፋ መኪናው ላይ አወጣቻቸው። ይህ አይጻፍ ያሉ ዘመዶች አሉ፤ ልክነሽ ግን ይጻፍ ብላለች።

የዚያን ቀን መምህሩ ስላልመጡ ትምህርት አልነበረም። የክፍል አለቃው አሞጽ፣ የዚሁ አገር ልጅ፣ ስም ጠራ፤ እሳቸው «አቤት» አሉ፤ ተማሪው ተበተነ። በሩ ላይ ወደቁ። የክፍላቸው ልጆች ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷቸው፤ ወባው ግን ወደ ጭንቅላታቸው ወጥቶ ነበር። አሞጽ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «ሰው ቢልኩብኝ ‹አለ› ብዬ እጽፍላቸው ነበር፤ እኛ እርስ በርሳችን እንደዚያ ነው የምናደርገው» አለ። ወልደሥላሴ ይህን አያውቁም ነበር። የነገራቸውም ሰው የለም።

ሁለት ቀን ሲታከሙ ቆይተው ረቡዕ ግንቦት 28 ቀን 1988 ዓ.ም. በተወለዱ በ32 ዓመታቸው ዐረፉ። የቀብራቸው ሥርዓት ዛሬ በላንቴ ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ባለቤታቸውን ማሚቱን፣ የስድስት ዓመቱን ክብሩንና የሦስት ዓመቷን እድላዊትን ትተው ሄደዋል። ነፍሳቸውን አምላክ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፤ ያልለመዱት አፈር ገለባ ይሁንላቸው።

እናታቸው ወይዘሮ ውቢት ላስታ ላይ በሕይወት አሉ፤ መርዶው ገና አልደረሳቸውም። ወደ ወሎ የምታልፉ ዘመድ ወዳጆች፣ እባካችሁ በመንገድ አትንገሩብን። ልክነሽ ራሷ ትሄዳለች። መንገዱን አታውቀውም፤ እየጠየቀች ትሄዳለች።