አልተኙም ነበር

ጥቅምት 7
ዝናብ። ኮሪደሩ ላይ የተደረደረው ጃንጥላ ሁሉ ይንጠባጠባል። አለቃዬ ሲያልፍ "እንዴት አደርሽ፣ ሊቋ!" አለኝ። አምና የጻፍኩትን ጥናት በራሱ ስም አሳተመ፤ ቢሮው ገብቼ "ሌባ!" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስሜ ሊቋ ነው። ቋሚ ቅጥሬም ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ይቅር። አልለምነውም።

የታችኛው ምክር ቤት የቤት ኪራይ ሕጉን በአንድ ጠዋት አሳልፎ ላከልን። አከራይ ያለ ምክንያት በአሥራ አምስት ቀን ተከራይ ማስወጣት ይችላል! እናቴ የምትሰፋውም የምትተኛውም በኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። የማማክራቸው የላይኛው ምክር ቤት አባል፣ እኔ አባባ የምላቸው፣ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ታዲያ እኛ ለምን ተቀመጥን፣ ልጄ? እነሱ ሲቸኩሉ ቆይ ለማለት አይደል?"

አንድ አባል ተነስቶ "እቃወማለሁ" ካለ ሕጉ ለክርክር ወደ ታችኛው ምክር ቤት ይመለሳል። አንድ ሰው ይበቃል። ግን የአባባ ጆሮ ደክሟል።

"ሰብሳቢው 'ተቃውሞ አለ?' ሲል ትከሻዬን ነካ አድርጊኝ። የቀረውን ለእኔ ተዪው።"

ከኋላቸው ነው የምቀመጠው።

ጥቅምት 9
አልነካኋቸውም።

ጥቅምት 10
ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አቃተኝ። ትናንት ጠዋት፣ ከስብሰባው በፊት፣ አለቃዬ ጠርቶኝ ነበር። የቅጥሬን ወረቀት አሳየኝ፣ ፊርማ ብቻ የቀረው። "ዛሬ ማንም ማንንም ባይነካካ ደስ ይለኛል" አለ እየሳቀ። ማን ነገረው? ሳልመልስለት ወጣሁ። እሱንም እንደ ጀግንነት ቆጠርኩት...

"ተቃውሞ አለ?"

አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቃሉ። የአዳራሹ መብራት ያማቸዋል። እጄን አነሳሁ... መልሼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። መዶሻው ወረደ። ሕጉ አለፈ።

ኋላ "ጠየቀ እንዴ?" አሉኝ።

"አዎ፣ አባባ።"

መነጽራቸውን አድርገው አዩኝ። በር ላይ ጋዜጠኞች ሲከቧቸው "ተኝቼ ነበር። እርጅና ነው" አሉ። ሳይንተባተቡ!

ጥቅምት 13
ታክሲ ውስጥ ሁሉም በየስልኩ የሳቸውን ፎቶ ያያል። ትራስ ሥለውላቸዋል። ሾፌሩ "ለእንቅልፍ ነው እንዴ የምንቀልባቸው? በቃ፣ ምክር ቤቱ ይዘጋልን!" አለ። ሳቅ በሳቅ።

እናቴም ባሰች። "አንቺንስ ምን ልትሠሪ ነው የሚከፍሉሽ? ሽማግሌ ልትቀሰቅሺ?" እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ። እኔ... አብሬ ሳቅሁ!

ጥቅምት 15
ወረቀቱ ተፈረመ። ቋሚ ሠራተኛ ሆንኩ።

"ለምን ዋሹልኝ?" አልኳቸው አባባን።

"እኔ ብተኛ ሽማግሌ ነው ይሉኛል፣ አበቃ። አንቺ ግን ገና ብዙ ዕድሜ አለሽ።" ሻይ ጋበዙኝ። ምናለ ቢሰድቡኝ?

ጥቅምት 22
የእናቴ አከራይ መጣች። አሥራ አምስት ቀን ሰጠቻት።

"አንቺ ተምረሻል፣ ይሄ የት ነው የሚከሰሰው?" አለችኝ እናቴ።

የትም።

ጥቅምት 24
የጋዜጠኞቹ ክፍል ገባሁ። ከነስሜ ጻፉት አልኳቸው። "አልተኙም ነበር። መንካት የነበረብኝ እኔ ነኝ። አልነካኋቸውም።"

"ማን አስፈራራሽ?" አለ አንዱ።

የአለቃዬን ነገርኩት። ግን ማስፈራራት ነበር? ወረቀት አሳየኝ፣ እኔም ፈለግኩት። እሱንም ጻፉ አልኩ።

ጥቅምት 29
ሥራዬ የለም። ሕጉ አለ። አለቃዬም አለ፤ "ቂም ይዛ ነው" ብሎ አስተባበለ። አባባ ደውለው "ማን ተናገሪ አለሽ!" ብለው ጮኹብኝ። ከዚያ እሳቸውም እኔም ስልኩን አልዘጋንም። አሁን ታክሲ ውስጥ የሚጠቋቆሙት በእኔ ነው። ይጠቋቆሙ።

አሥራ አምስት ቀኑ እስኪሞላ ሳንጠብቅ የእናቴን የስፌት መኪና እኔ ክፍል አስገባን። በአልጋዬና በመኪናው መካከል አንድ ሰው በጎኑ ቢያልፍ ነው። ጋዜጣው ከወጣ ወዲህ ቃል አልተነፈሰችም ነበር። ዛሬ መርፌው ላይ ክር እያስገባች፣ ቀና ሳትል፣

"እጅሽን ምን ያዘው?" አለችኝ።

ስንት ምክንያት ነበረኝ። አለቃዬ የበደለኝ ብቻ ስንት ገጽ ይሞላል...

"ምንም" አልኳት። "ምንም አልያዘውም፣ እማ።"