ከመንፋትህ በፊት የምትስበው አየር

ሎምቤ፣ የልጆቼ አባት፤

ከተለየኸን ዓመት አለፈ። እኛ ደህና ነን። አንተ ዛሬ ነገ ስትል የኖርክበት የጓዳው ጣሪያ ተጠግኖ ማፍሰሱን ትቷል። ትልቋ ልጃችን ሀቢቾ ሄዳ ማስተማር ጀምራለች። እንሰቱም ጥሩ ይዟል።

ስለ ጓደኛህ ስለ ወልዴ ልንገርህ። ከቀብርህ በኋላም ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ መምጣቱን አልተወም። ሳክስፎኑን ይዞ ይመጣል፣ ከወንበርህ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ማስቀመጫውን ሳይከፍት ይሄዳል። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ብቻዬን መንፋት ስላቃተኝ ልሸጠው ነው አለኝ። ጫጫታችሁ ዘመኔን ሁሉ ሲያማርረኝ እንደኖረ ታውቃለህ። ያን ቀን ግን ከዚህ ቤት ሁለተኛ ሬሳ የሚወጣ ያህል ከፋኝ።

አዲስ አበባ በወታደር ሙዚቀኛነት ሳላችሁ፣ ጃንሆይ ፊት ማርሽ ነፍታችሁ ስትመለሱ ያን የጥቁር አሜሪካውያን ጃዝ፣ ሀርድ ባፕ የምትሉትን፣ ከሸክላ እየሰማችሁ ታጠኑ ነበር። ጡረታ ወጥታችሁ ሆሳዕና ስትገቡ እሱኑ ይዛችሁ መጣችሁ። ዜማውን አንድ ላይ ትነፉታላችሁ፤ ከዚያ አንተ በትራምፔትህ ጥቂት ትላለህ፣ እሱ ይቀበልሃል፣ መልሰህ ትነጥቀዋለህ። አትነጋገሩም፣ አትተያዩም። መጀመሪያ የተኳረፋችሁ መስሎኝ ነበር። ጎረቤቱ ደግሞ ጡሩንባ ሲሰማ ለቅሶ የተጠራ እየመሰለው ነጠላውን አዘቅዝቆ ብቅ ይል ነበር።

ትራምፔትህን ከሣጥን አወጣሁ። ከዱራሜ አውቶቡስ የሚነዳ ማቴዎስ የሚባል ሰው አለ፤ እሱም በወታደርነቱ ትራምፔት ይነፋ ነበር። መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ለመንኩት፣ ቅዳሜ መጣ። ጎበዝ ነው፤ ከንፈሩም ከአንተ ይጠነክራል፣ አትቀየመኝ። ከወልዴ ጋር ግን መገጣጠም አቃታቸው። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይደርብበታል፣ ካልሆነም ሁለቱም ይጠባበቃሉ። ወልዴ አንገቱን ደፍቶ ሳክስፎኑን መፍታት ጀመረ።

እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። የጎደለው ነገር የገባኝ ያኔ ነው። አንተ ከመንፋትህ በፊት በአፍንጫህ አየር ስትስብ ድምፁ ከሳሎን ጓዳ ይሰማ ነበር። ጸሎት ቤት ስትነፋ እንኳ ሰው እየዞረ ያይህ ነበር። በዚያ ትንፋሽ ስንት ዘመን ተጨቃጨቅን! ለካ ወልዴ ዓይኑን ጨፍኖ የሚጠብቀው እሱን ኖሯል። ወጣሁና ማቴዎስን፣ አየር ስትስብ ይሰማ፣ አትፈር አልኩት። እሱ ሳቀ። ወልዴ አልሳቀም፤ ሳክስፎኑን መልሶ ገጥሞ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ።

ማቴዎስ በአፍንጫው ሳበ። ወልዴ አብሮት ገባ። ዜማው ቤቱን ሞላው፣ ከዚያም እንደ እናንተው ይቀባበሉት ጀመር።

ጓዳ ገብቼ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። በቀብርህ ቀን ምእመናኑ፣ በተስፋ እንጂ በዋይታ አንሸኝም ሲሉኝ እሺ ብዬ ሳላለቅስ ሸኘሁህ። ያን ቀን ግን የሚከለክለኝ አልነበረም። ዘፈኑ እስኪያልቅ አለቀስኩና ፊቴን ታጥቤ ውኃ ይዤላቸው ወጣሁ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይገናኛሉ። ወልዴም መሸጡን ትቷል። ጎረቤቱ ዛሬም ነጠላውን አዘቅዝቆ ብቅ ይላል። ትራምፔቱን ለማቴዎስ ሰጥቼዋለሁ፣ ወንበርህም ላይ ይቀመጣል። ይህን ብታይ ደስ የሚልህ ይመስለኛል።

ማቴዎስ ግን ሲመሽ ወደ ዱራሜው ይሄዳል፣ ወልዴም ወደ ቤቱ። እኔ የአልጋውን ያንተን ወገን ሳልነካው እተኛለሁ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አነፋፍህን ነው፤ እሱን ለእነሱ ትቼላቸዋለሁ። ከመንፋትህ በፊት ያለችውን፣ ስነዘንዝህ የኖርኩባትን ትንፋሽ ግን በሕይወት እስካለሁ አልረሳትም።

ሚስትህ አስቴር