የአባባ ብርቱካን ሥር

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን

አባባ ከአልዩ አምባ እኔ ዘንድ ሲመጣ በበርሜል ተክሎ ያመጣው ብርቱካን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሰንብቷል። ዛሬ በርሜሉን አጋድሜ አወጣሁት። ሥሩ መሄጃ አጥቶ ዙሪያውን ተጠምጥሟል። አባባ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ወንበሩ ላይ ሆኖ ያዝዘኛል፣ እኔ እሠራለሁ።

"ዳር ዳሩን ሁለት ጣት ያህል ቁረጪለት።"

"ቢደርቅስ?"

"ካልቆረጥሽው ነው የሚደርቀው። መሬት ላይ እንዳንተክለው የዚህ አገር ውርጭ አይምረውም።"

በመጋዝ ቆረጥኩለት። ቅርንጫፉንም ቀነስኩና አዲስ አፈር ጨምሬ እዚያው በርሜል ውስጥ መለስኩት።

"እስኪያገግም ውሃ እንዳይለየው" አለኝ። "በየማለዳው ታጠጪዋለሽ?"

ወደ አዲስ አበባ የጠየቅሁት ዝውውር ተፈቅዶ ሰኞ ሥራ ጀምሪ ተብያለሁ። አራት ዓመት ጠብቄዋለሁ። አባባን የሚያነሳውና የሚያጥበው ግን ከእኔ ሌላ ሰው የለም። እዚያ ለሁለታችን የሚሆን ቤትም አላገኘሁም። ልንገረው እያልኩ ሦስት ቀን አለፈ። ዛሬ የምነግረው መስሎኝ ነበር።

"አጠጣዋለሁ" አልኩት፤ ሰኞም፣ ከዚያም በኋላ።

"አላህ ይስጥሽ" አለና በደህናው እጁ የጋቢውን ጫፍ ስቦ ጣቶቼ ላይ የቀረውን አፈር ጠረገልኝ።